ከማገዶ እስከ ማማሰያ፦ የደባርቅና የዳባት ወጣት ቅዳሜውን በምን ያሳልፍ?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ከፖለቲካ ወሬ ጠፍቶ አያውቅም። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ይነሳል፤ ሹም በተሻረ ቁጥር ይጠቀሳል። ስለ ጉልቻው ይህን ያህል ሲወራ፣ ወጡን ስለሚያማስለው እንጨት ግን የሚጠይቅ የለም። ማማሰያውን ማን ጠረበው? ከየትኛው ዛፍ? የጠረበውስ ሰው በሰፈሩ በምን ስም ይጠራል?

ጥያቄው ተራ ይመስላል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት በደባርቅና በዳባት ግን ተራ አይደለም። ስለ ደን፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሙያ ንቀት የሚነሳው ክርክር ሁሉ ከዚያች አንድ ክንድ እንጨት ጋር ይነካካል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፦ በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ወጣት፣ ተማሪም ሆነ ሥራ ፈላጊ፣ በሳምንቱ መጨረሻ አንድ የማጀት ዕቃ በገዛ እጁ መሥራት ይልመድ። ቤተሰብም፣ ትምህርት ቤትም፣ የአካባቢው አስተዳደርም ነገሩን እንደ ቁም ነገር ይያዙት።

▪️ አንድ እንጨት፣ ሁለት ዕጣ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ዳባትን አልፎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ብርድ ባለበት እሳት አይጠፋም፤ እሳት ባለበት ደግሞ እንጨት ይሄዳል። በሴቶች ጀርባና በአህያ ተጭኖ ወደ ከተማ የሚገባው እንጨት የሚቆጠረው በሸክም ነው። ወይራ ይሁን ባሕር ዛፍ፣ ቀጥ ያለ ይሁን ጠማማ፣ ገዢው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ደርቋል ወይ?» ብሎ ነው። እስከ እራት ሰዓት አመድ ይሆናል።

ከዚያው ሸክም ውስጥ ክንድ የሚያህል አንድ የወይራ ጉማጅ ቢመዘዝ ግን ሌላ ዕጣ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ቦታ ቢፈለጥ ሁለት የገንፎ ማማሰያ ይወጣዋል። ማገዶ ቢሆን አንድ ድስት እንኳ ሳያበስል ያልቅ የነበረው እንጨት፣ ዕቃ ሲሆን ለዓመታት ያገለግላል። ቀርፎ ቀርፎ የሚተርፈው ፍቅፋቂም አይጣልም፤ የወይራ ፍቅፋቂ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው። ይህ የሂሳብ ጉዳይ ነው። እንጨትን በሸክም የሚቆጥር ኢኮኖሚ ሁልጊዜ ተጨማሪ ዛፍ ይፈልጋል። በዕቃ የሚቆጥር ግን በአንድ ቅርንጫፍ ብዙ ሊሠራ ይችላል።

ሂሳቡ ለሰሜን ተራሮች ቀላል አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣውም ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በ2017 ነው። እርሻ፣ ግጦሽና እንጨት ቆረጣ የተራራው የዘመናት ፈተናዎች ናቸው። ፓርኩን ለማዳን ሲባል በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ስለ እንጨት ሲወራ ሰው ለዛፍ ሲል ቤቱን እንደለቀቀ መርሳት አይቻልም። ከእንጨቱ የሚገኘውን ጥቅም ማብዛት ለእነዚህ ሰዎች የሚገባ አክብሮት ነው።

▪️ እጁ እንግዳ አይደለም

«የከተማ ልጅ እንጨት መጥረብ የት ያውቃል?» የሚል ይኖራል። የደባርቅና የዳባት ልጅ ግን ከገጠር የተለየ አይደለም፤ ወይ ራሱ እረኛ ነበር፣ ወይ ወንድሙ ነው። እረኛ ደግሞ ዱላውን ራሱ ያዘጋጃል። ቀጥ ያለውን ከጫካ ይመርጣል፣ ይልጣል፣ የጎበጠውን እሳት ላይ አሙቆ ያቀናል፣ ቅቤ ቀብቶ በጭስ ያጠቁራል። ይህን ሲያደርግ ማንም «አናጢ» ብሎ አይሰድበውም። እንዲያውም ዱላው ሲያምር ይወደስበታል።

እንጨት መምረጥ፣ መላጥ፣ ማቅናት፣ በቅባት ማጠንከር፣ ይህ ሁሉ ለማማሰያ የሚያስፈልገው ዕውቀት ነው። ልዩነቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ዱላ ወደ ትከሻ ይሄዳል፤ ማማሰያ ወደ ማጀት ይገባል። አንዱ ወንድ ያሰኛል፣ ሌላው ያሳፍራል። ችግሩ እንግዲህ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የክብር አሰጣጥ ነው።

▪️ የናቁት እጅ ሲሄድ

በዚህ አገር እጅ ያለው ሰው ስድብ ጠፍቶለት አያውቅም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሁሉም በሠሩት ዕቃ እየተጠቀመባቸው ያለ ጎረቤት ክፉ ስም አውጥቶላቸዋል። ነገሩ ስላሳሰባቸው አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከሰው አፍ ለመውጣት ገና ነው።

የጎንደር፣ የወገራና የሰሜን ምድር ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ማረሻውን፣ መጥረቢያውን፣ መሮውን ለዘመናት ሲቀጠቅጡ ከኖሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ገበሬው በእነሱ ብረት እያረሰ፣ አናጢው በእነሱ መሮ እየፈለፈለ፣ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እጃቸው ግን አብሯቸው ሄደ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ ቅርብ ላይ ያለችው ወለቃ ዛሬም በሸክላ ሥራ ስሟ ይነሳል። ያለፈ መንገደኛ ግን የሚያስታውሳት የነበሩትን ሰዎች አስቦ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሙያን ለተናቀ ወገን ብቻ የተወ ሕዝብ፣ ያ ወገን ሲሄድ ባዶ እጁን ይቀራል።

ትምህርት ቤትም ቢሆን ንቀቱን አልሰበረውም። የድሮ ተማሪዎች የእጅ ሥራ የሚባለውን ትምህርት ያስታውሳሉ። ማርክ የሚያዝበት ሳምንት ሲደርስ መጥረጊያው፣ ሰፌዱ፣ ማማሰያው ከገበያ ተገዝቶ፣ ካልሆነም አባት ሠርቶት በልጁ ስም ይቀርብ ነበር። መምህሩም ያውቃል፤ ተማሪውም ያውቃል። ከአሥር ዘጠኝ ይሰጣል። ልጁ የተማረው ሥራን ሳይሆን የሌላ ሰውን ሥራ በራሱ ስም ማስመዝገብን ነው። ያ ልማድ በኋላ ቢሮ ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አንባቢ አያጣውም።

▪️ ሥራው ምን ይፈልጋል?

ለመጀመሪያ ማማሰያ ማሽንም መብራትም አያስፈልግም። ትንሽ መጥረቢያ፣ ስለታም ካራ፣ መጋዝ ከተገኘ መጋዝ፣ የእንጨት ሽብልቅና የሚያመሽ ትዕግሥት ይበቃሉ።

መጀመሪያ እንጨቱ ይመረጣል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ሙቀትና ውሃ ይችላል። ከደረቀ በኋላ ግን ካራ ስለማያስገባ እርጥብ ሳለ መቅረጽ ይቀላል። ዋንዛ ለስላሳና ለመፈልፈል የተመቸ በመሆኑ ለገበቴና ለጭልፋ ይመረጣል። ሆኖም የደባርቅን ብርድ አይወድም፤ የሚገኘው ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ ሲወረድ ነው። ጽድ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ለወጥ አይሆንም። ቁልቋልን መንካት ራሱ አደጋ ነው፤ ወተቱ ዓይን ይጎዳል። ቀለም የነካው ጣውላ፣ ሙጫ ያለበት ቺፕውድ፣ በመድኃኒት ተነክሮ የተተከለ የመብራት ምሰሶ ስባሪ ወደ ድስት መግባት የለበትም።

ቀጥሎ ጉማጁ በመጋዝ ሳይሆን በሽብልቅ ይፈለጣል። የተፈለጠ እንጨት ክሩን ተከትሎ ስለሚለያይ እጀታው ቶሎ አይሰበርም። መካከለኛው ልብ ይወጣል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ ቅርጹ በከሰል ይሳላል፣ ትርፉ በመጥረቢያ ይወርዳል፣ መልኩ በካራ ይወጣል። ካራ ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ ይገፋል። አውራ ጣቱን የቆረጠ ጀማሪ ሁለተኛ ቅዳሜ አይመለስምና ይህ ደንብ ከሁሉ በፊት ይነገረው።

የተቀረጸው ዕቃ ፀሐይ ላይ አይጣልም። ጭድ ውስጥ ተቀብሮ ወይም ጥላ ሥር ሆኖ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ቸኩሎ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ማማሰያ ደግሞ የትናንትን ወጥ በስንጥቁ ይዞ ያድራል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በስባሪ ጠርሙስ ጠርዝ ተፍቆ ይለሰልሳል። በመጨረሻ ዘይት ይጠጣል። በዓለም ዙሪያ የእንጨት ሠሪዎች ከሚመኩባቸው ዘይቶች አንዱ የተልባ ዘይት ነው፤ አየር ሲያገኝ ስለሚጠነክር እንጨቱን ይሸፍናል። ተልባ ደግሞ የደጋው ገበሬ የራሱ እህል ነው።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ለመቅረጽ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ለማድረቅ፣ አንድ ከሰዓት ለማለስለስ። የሚያስተምረውም ይህ መጠበቅ ነው።

▪️ ፈታኟ ማጀት ውስጥ ናት

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ማማሰያ የሚጠርበው በብዛት ወንድ ነው፤ የሚያማስልበት ግን ሴት ናት። የጠረበው ሰው ገንፎ አማስሎ አያውቅም። እጀታው አጥሮ እንፋሎቱ እጇን ቢያቃጥላት፣ ራሱ ከብዶ ክንዷን ቢያዝላት፣ ጫፉ ክብ ሆኖ የድስቱን ጥግ ባይደርስና ገንፎው ቢያርር፣ ጠራቢው አይሰማውም። እሷም ለገበያ ሻጭ ቅሬታ አታቀርብም፤ ችላ ትኖራለች።

ልጅ ለእናቱ ወይም ለእህቱ ሲሠራ ግን ይህ ይለወጣል። «እማዬ፣ እንዴት ይሁንልሽ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ገንፎ ለአራስ ጥየቃ በሚገነፋበት ቤት ማማሰያው ስንት ኃይል እንደሚፈልግ ሊያውቅ የሚችለው ራሱ ይዞ ሲያማስል ብቻ ነው። ያኔ ወንድ ልጅ ማጀት ገባ። በስብሰባ፣ በፖስተርና በሥልጠና አልገባ ያለው ሰው አንድ ዕቃ ተከትሎ ገባ። እናቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየት ሰጪ ብቻ ሳትሆን ፈታኝ ሆነች፤ ከአሥር ስንት እንደሚገባው የምትወስነው እሷ ናት። ይህ ማርክ ደግሞ አይገዛም። ሴት ልጅም ካራውን መያዟ አይቀርም፤ የሚያስፈልጋትን ከሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ናትና።

▪️ ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው የደን ነው። «ሰው ሁሉ ጠራቢ ከሆነ ዛፍ አይተርፍም» የሚለው ስጋት ከባድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ቢተካም ምክንያቱ አልተለወጠም፤ የአገር በቀል ዛፍ ቀስ ብሎ ያድጋል። ስለዚህ ደንቡ ጥብቅ ይሁን፦ ለማማሰያ ተብሎ ዛፍ አይቆረጥም። ከጓሮ የተገረዘ ቅርንጫፍ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ የወይራ ምሰሶ፣ ነፋስ የጣለው፣ ለማገዶ ከመጣው ሸክም የተመዘዘ ጉማጅ፣ ይህ ይበቃል። ከፓርኩ ክልል አንዲት ጭራሮ አትነካም። በ2011 ዓ.ም. ተራራው በእሳት ሲነድ ያየ ወጣት ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

ሁለተኛው የዋጋና የንጽህና ነው። «ገበያ ላይ ርካሽ ፕላስቲክ ሞልቶ ለምን ልፋት?» ይባላል። የፕላስቲክ ማማሰያ ግን የጋለ ድስት ጠርዝ ላይ ሲረሳ ይቀልጣል፤ ሲሰበርም መጣያው ወንዝ ዳር ነው። እንጨት ቆሻሻ ይይዛል የሚለውም እንደሚወራው አይደለም። በአሜሪካ ዲን ክሊቨር የተባሉ የምግብ ደኅንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእንጨትና የፕላስቲክ መክተፊያዎችን አወዳድረው፣ ባክቴሪያ በእንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ከመራባት ይልቅ እየሞተ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ይህ ማለት አይታጠብ ማለት አይደለም፤ ታጥቦ በደንብ የሚደርቅ እንጨት ከፕላስቲክ አያንስም ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። «አገር እየታመሰ ስለ ማማሰያ ይወራል ወይ?» ደባርቅና ዳባት የዚህ ጥያቄ ባለቤቶች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ዙሪያ ደርሶ በጭና ተክለሃይማኖት ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዳባት አቅራቢያ አለምዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች ተጠልለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የብዙ ልጆችን ትምህርት አቋርጧል፤ ቱሪስት ሲጠፋም አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ነጂው አብረው ሥራ ፈትተዋል።

ማማሰያ ይህን ጦርነት አያቆምም። እንዲህ የሚል ካለ ያሾፋል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት የ15 ዓመት ልጅ ቅዳሜም፣ ሰኞም፣ ማክሰኞም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ባዶ እጅ የሚሰጡትን ይይዛል። በዚያ ሰፈር ለወጣት እጅ የሚሰጠው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሁሉንም ነገር ከዜሮ ሲጀምርም ከድስቱ ቀጥሎ የሚፈልገው የሚያማስልበትን ነው። «አሁን ጊዜው አይደለም» የሚባልለት ሥራ ቢኖር እንኳ ይህ አይደለም። ለዚህ ሥራ በጀትም ፈቃድም አይጠበቅም፤ ስብሰባም አይጠራበትም።

▪️ ታዲያ ምን ይደረግ?

የሌላው ዓለም ልምድ ይጠቅማል። ፊንላንድ ድሃ የገበሬ አገር ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1866 የእጅ ሥራን በገጠር ትምህርት ቤቶች ለወንዶች ግዴታ አደረገች፤ የሐሳቡ አባት ኡኖ ሲግኔውስ የተባሉ የትምህርት ሰው ነበሩ። ጎረቤቷ ስዊድንም ኦቶ ሳሎሞን በሚባሉ መምህር አማካይነት ከብዙ አገር የመጡ አስተማሪዎችን በካራና በእንጨት አሠለጠነች። ዓላማው አናጢ ማብዛት አልነበረም። ዓይን እንዲለካ፣ እጅ እንዲታዘዝ፣ ልጅ የጀመረውን እንዲጨርስ ነበር። በስዊድን ትምህርቱ ዛሬም አልቀረም።

በኢትዮጵያም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሥራና ተግባር ትምህርትን አስገብቷል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ተማሪው ስለ ሙያ በቃሉ ካጠና ግን የድሮው የእጅ ሥራ ማርክ ተመለሰ ማለት ነው። በደባርቅና በዳባት ትምህርት ቤቶች ፈተናው በግልጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ተማሪው መምህሩ ፊት ተቀምጦ ይቅረጽ፤ ውጤቱን ደግሞ በዕቃው ያማሰለችው ሴት ትስጥ።

የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ለማኅበረሰብ አገልግሎት የሚያውለው ጊዜ አለው፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጥላ፣ አሥር ካራና በዕድሜ የገፉ ሁለት አናጢዎች ቢያዘጋጅ ትልቅ ፕሮጀክት ከሚባለው የሚያንስ አይሆንም። አናጢዎቹ ግን እንደ መምህር ይከፈላቸው፤ «አባባ፣ ያሳዩን» ተብለው በነፃ ተለፍተው አይሂዱ። የከተማው አስተዳደርም ከፈረሰ ቤት የሚወጣውን እንጨት ወደ ማገዶ ከመሄዱ በፊት ለወጣቶቹ ቢያስመርጥ ወጪ የለበትም።

ሰላም ሲወርድና ቱሪስቱ ሲመለስ ደግሞ ዋልያና ጭላዳ አይቶ ከሳንቃበርና ከጨነቅ የሚወርደው እንግዳ ሻንጣው ውስጥ የሚከተው ነገር ይፈልጋል። በደንብ የደረቀ፣ ነቀዝ ያልገባበት፣ ከፈረሰ ቤት ወይራ የተሠራ ጭልፋ ከየትኛውም ከውጭ ከሚመጣ ጌጥ ይሻላል። የሠራው ወጣት ስሙን ጀርባው ላይ ቢቀርጽበት ደግሞ የእጅ ሥራ ያለ ባለቤት የሚሸጥበት ዘመን ማብቃት ይጀምራል።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይላል አገሬው። የሚመጣው ቅዳሜ ሩቅ አይደለም። የማገዶው ሸክም ደጅ ሲራገፍ አንዱ ወጣት ጎንበስ ብሎ ቀጥ ያለችውን ጉማጅ ይምዘዝ፤ ከዚያ ወደ ማጀት ገብቶ ርዝመቱ ስንት እንዲሆን እንደምትፈልግ እናቱን ይጠይቃት።